እግር በደፍ ላይ

አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቅኔ ማኅሌት ቆመው ያደጉ፣ ኋላም አቋቋም ሲያስተምሩ ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩ፣ ዛሬ ግን ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ብቻ የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። የፓርኪንሰን ሕመም ከያዛቸው ዘጠነኛ ዓመታቸው ነው። እጃቸው በመንቀጥቀጡ እምብዛም አላዘኑም፤ ያሳዘናቸውስ ሰፊውን ግቢ ያለ ችግር አቋርጠው ከመጡ በኋላ፣ ከገዛ ቤታቸው በር ሲደርሱ፣ የሚከለክላቸው ሰው ሳይኖር፣ ደፉን መሻገር ተስኗቸው ተገትረው መቅረታቸው ነው። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሕፃንነቱ ከእርሳቸው ዘንድ ፊደል የቆጠረና አሁን የነርቭ ሐኪም የሆነ ሰው ሊጠይቃቸው መጣ፤ ቡናው እስኪፈላና ሦስተኛው ተጠጥቶ እስኪያልቅ የተነጋገሩትን እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እንደ ሰማሁት ከዚህ ቀጥሎ ጽፌዋለሁ።

የኔታ፦ ልጄ፣ አንተ የተማርህ ሰው ነህና ይህን ንገረኝ። እግሬ የሞተ እንደ ሆነ ግቢውን እንዴት አቋርጣለሁ? ደኅና እንደ ሆነስ ስለ ምን ደፉ ላይ ሲደርስ ከመሬት ጋር ይሰፋብኛል? ልራመድ ስል ጉልበቴ ይርገፈገፋል፣ ደረቴ ይቀድማል፣ እግሬ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። የቤቱ ሰዎች «ይራመዱ እንጂ!» ይሉኛል፤ መራመድ የጠላሁ ይመስላቸዋል።

(እንዲህ የምላቸው እኔ ነበርሁና አንገቴን ደፋሁ።)

ሐኪሙ፦ እግርዎ አልሞተም፣ የኔታ፤ ጡንቻውም አጥንቱም በቦታው ነው። የታወከው አዛዡ ነው። ጤነኛ ሰው ሲራመድ እያንዳንዱን እርምጃ አያስብም፤ እርስዎ ዳዊት ሲደግሙ ከንፈርዎ በራሱ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በአንጎሉ ውስጥ በጥልቅ የተቀመጡ ክፍሎች የእርምጃውን ስፋትና ተራ እርሱ ሳያውቀው ይመሩለታል። እነዚህ ክፍሎች ሥራቸውን የሚሠሩት ዶፓሚን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ዶፓሚኑን የሚያመነጩት ሴሎች በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ጠቆር ብለው የሚታዩ ናቸው፤ በዚህ ሕመም ከሌሎቹ ይልቅ የሚያልቁትም እነርሱ ናቸው። ሰው መታመሙን በሚያውቅበት ቀን ብዙዎቹ አስቀድመው ጠፍተዋል።

የኔታ፦ እንግዲያስ መሪ የሞተበት ማኅበር ነኝ። ነገር ግን ጥያቄዬን አልመለስህልኝም። ግቢው ላይ ያለው እግርና ደፉ ላይ ያለው እግር አንድ እግር ነው።

ሐኪሙ፦ እግሩ አንድ ነው፤ ዓይንዎ የሚያየው ግን ሁለት ነው። ግቢው ላይ ክፍት ሜዳ ያያሉ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ መቃኖች ከግራና ከቀኝ ይጠጋሉ፣ ከሥርም ደፉ ይጠብቃል። በጠባብ በር ሲያልፍ ጤነኛ ሰውም ቢሆን በጥቂቱ ይዘገያል፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ከለንደን የወጣ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ የፓርኪንሰን ሕሙማን በሩ በጠበበ መጠን ከጤነኛው እጅግ አብልጠው ይዘገያሉ። ከእነርሱም መካከል እንደ እርስዎ ፈጽመው የሚገተሩ አሉ። በሩ አካላቸውን ስለማያሳልፍ አይደለም፤ ዓይን ያየው ነገር ደካማውን አዛዥ ስለሚያሸብረው ነው እንጂ።

የኔታ፦ ቅዱስ ጴጥሮስም በባሕሩ ላይ ደኅና ሲሄድ ቆይቶ የነፋሱን ኃይል ባየ ጊዜ መስጠም ጀመረ።

ሐኪሙ፦ ያንንስ ሊቃውንቱ በእምነት ነው የሚተረጉሙት።

የኔታ፦ እኔም ስተረጉመው የኖርሁ ሰው ነኝ፣ አላጣሁትም። ብቻ ወንጌላዊው ማየቱን መጻፉን አትርሳ።

ሐኪሙ፦ እኛ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ረስተነው ነበር። ይህን ሕመም ለይቶ የጻፈው ጄምስ ፓርኪንሰን በለንደን ዳርቻ በሆክስተን የሚኖር ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በ1817 ባሳተማት ትንሽ ድርሳን የገለጸው ስድስት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ከስድስቱም አንዳንዶቹን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው፤ አንዱንማ ከሩቅ ሆኖ ሲራመድ ከማየት በቀር አልመረመረውም። በዚያች ድርሳን ውስጥ ሕመሙን ሲወስን፣ አካል ይንቀጠቀጣል፣ ጀርባ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ እርምጃ ሳይፈልጉት ወደ ሩጫ ይለወጣል፣ የስሜት ሕዋሳትና አእምሮ ግን አይነኩም ብሎ ጻፈ። እጅግ አስተዋይ ሰው ነበረ፤ በፓሪስ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ያስተምር የነበረው ታላቁ ሻርኮ ከብዙ ዓመት በኋላ ሕመሙን በእርሱ ስም እንዲጠራ ማድረጉ የተገባ ነበር። በዚያች በአንዲት ሐረግ ግን ስቶ አሳተን። እግርን ስንመረምር፣ እጅን ስንመረምር፣ ዓይንን ሳንጠይቅ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየን።

የኔታ፦ ዓይኔም ታሟል ማለትህ ነውን? ዳዊቴን አነባለሁ እኮ።

ሐኪሙ፦ ሲያነቡ ፊደሉ አንዳንድ ጊዜ መንታ አይሆንብዎትም?

የኔታ፦ ይሆናል። አንዱን ዓይኔን ስጨፍን ይተወኛል። የእርጅና መስሎኝ ለማንም አልተናገርሁም።

ሐኪሙ፦ ይኸውልዎ። የቀረበውን ነገር ለማየት ሁለቱ ዓይኖች ወደ አፍንጫ መቀራረብ አለባቸው፤ በዚህ ሕመም መቀራረቡ ይሰንፋልና ፊደሉ ሁለት ይሆናል። ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ እርስዎ ግን ከተቀመጥን ጀምሮ ያርገበገቡት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ ዓይንዎ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጥዎታል። ዓይን ከአንድ ነገር ወደ ሌላው ሲዘል፣ ዝላዩ እንደ እርምጃዎ ያጥራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ረቲና በሚባለው በዓይን የውስጥ መጋረጃ ላይ ዶፓሚን የሚያመነጩ ሴሎች አሉ፤ እዚያም ዶፓሚኑ ሲያንስ ዓይን ብርሃንን ከጥላ፣ ግራጫን ከግራጫ የመለየት ኃይሉ ይደክማል። እንዲህ ያለው ሰው ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ በነጭ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ጥቁር ፊደል እስከ ታችኛው መስመር አንብቦ «ዓይንዎ ደኅና ነው» ተብሎ ይሰናበታል፤ ሲወጣም ሲሚንቶውን ደረጃ ከሲሚንቶው ደረጃ የሚለየው ጠርዝ ሳይታየው ይወድቃል።

(ይህን ጊዜ ከበሩ ውጭ ያሉትን ሦስቱን የገዛ ደረጃዎቻችንን ተመለከትሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ሠራተኛው ሲለስናቸው «አሳምረህ አንድ መልክ አድርጋቸው» ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።)

የኔታ፦ መልካም፤ እግሬ አልታዘዝ አለ፣ ዓይኔም ከዳኝ። ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው የያዘልኝ መጽናናት ይህ ነውን?

ሐኪሙ፦ ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። እባክዎ ይነሡና አብረን እስከ በሩ እንሂድ።

አባቴ ተነሡ። ከወንበራቸው እስከ በሩ በሚንሸራተት አጭር እርምጃ ደረሱ፤ ደፉ አንድ ስንዝር ሲቀረው ሁለቱም እግሮቻቸው ቆሙ፤ ተረከዛቸው ከመሬት ብድግ ብሎ ጣታቸው ግን እንደ ተጣበቀ ጉልበታቸው ይርበተበት ጀመር። ሐኪሙ አልጎተታቸውም፣ «ይራመዱ» አላላቸውም። ከጥግ የተደገፈውን መቋሚያቸውን አንሥቶ ከእግራቸው ፊት ለፊት አግድም ሊያጋድመው ጎንበስ ሲል፣ ያ ሁሉ ዘመን ቃላቸውን ያላነሡት ሰው ጮኹ።

የኔታ፦ ተው! መቋሚያ ይረገጣልን?

ሐኪሙ፦ አይረገጥም፣ ይሻገሩታል ብዬ ነው።

የኔታ፦ ስሻገረውስ? ማኅሌት የቆምሁበት ነው። መልሰው።

ሐኪሙ እየሳቀ መቋሚያውን መለሰና የእኔን ጥቁር ጃንጥላ በነጩ ንጣፍ ላይ አግድም አስተኛው። አባቴ ቁልቁል አዩት። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን፣ እኔ ባለፉት ሁለት ዓመታት አይቼው በማላውቀው አኳኋን፣ ከፍ አድርገው አነሡና ጃንጥላውን ተሻገሩ፤ ግራውም ተከተለ፤ ደፉም አብሮ ታለፈ። በረንዳው ላይ ቆመው ወደ ኋላ ዘወር ብለው ጃንጥላውን እንደ ሰው ተመለከቱት።

የኔታ፦ ምን አደረግህበት?

ሐኪሙ፦ ምንም። ለዓይንዎ የሚሻገረው ነገር ሰጠሁት። ከውስጥ የሚወጣው ትእዛዝ ሲዳከም፣ ከውጭ በዓይን በኩል የሚገባ ትእዛዝ ሌላ መንገድ ይዞ ወደ እግር ይደርሳል፤ ከኋለኛው የአንጎል ክፍል፣ ከማየት መናኸሪያው ተነሥቶ፣ የታመመውን ጥልቅ ክፍል ዞሮ እንደሚያልፍ ይታሰባል። ደፉ ያስቆመዎት በዓይን ገብቶ ነው፤ ጃንጥላውም ያሻገረዎት በዚያው በዓይን ገብቶ ነው። ልዩነቱ፣ አንዱ «ጠባብ ነው፣ ተጠንቀቅ» ይላል፤ ሌላው «እግርህን እዚህ አንሣ» ይላል።

የኔታ፦ ይህን ያገኘው ማን ነው?

ሐኪሙ፦ ከማንም በፊት ያገኙት ሕሙማኑ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የሰው ጫማ ፊታቸው አስቀምጠው የሚሻገሩ፣ የንጣፍ ጌጥ እየቆጠሩ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩና። በጽሑፍ ካስቀመጡት መካከል ግን አንዱ የነርቭ ሐኪሙ ፐርደን ማርቲን ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀው የሚያስተኛ የአንጎል ሕመም ተርፈው፣ ነገር ግን እንደ ፓርኪንሰን ያለ ደዌ ወርሷቸው፣ በለንደን በሃይላንድስ ሆስፒታል ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ሕሙማን ነበሩ፤ እርሱ እነዚህን ብዙ ዓመት ተመልክቶ በ1967 መጽሐፍ አወጣ። ወለሉ ላይ አግድም መስመር ሲሰመርላቸው ይራመዳሉ፤ መስመሩ በሚሄዱበት አቅጣጫ በቁመቱ ሲሰመር ግን አይረዳቸውም።

የኔታ፦ አግድም ሲሆን እርምጃ ነው፤ በቁመት ሲሆን መንገድ ብቻ ነው።

ሐኪሙ፦ እኔ በአንድ ገጽ የምጽፈውን በአንድ ቃል ጨረሱት። በአውስትራሊያ በሜልበርን የሚሠሩ ሰዎችም በ1990ዎቹ ውስጥ ሕሙማኑን ሲለኩ፣ የእርምጃቸው ፍጥነት ሳይሆን ስፋቱ እንደ ታወከ አስተዋሉ። እርምጃው ስለሚያጥር፣ ያጠረውን ለማካካስ እግር ይጣደፋል። ጤነኛ ሰው በሚራመድበት ልክ መስመር ቢሰመርላቸው ግን ጤነኛ እንደሚራመደው ይራመዳሉ። ስለዚህ ስፋቱ ከአካላቸው አልጠፋም፤ የሚጠራው አጣ እንጂ።

የኔታ፦ መስመሩ የሚረዳው ግን ማስተዋልን ስለሚሰበስብ ይሆናልን? ሰው ሐሳቡ ሲሰበሰብ ሁሉ ነገር ይቃናለታል።

ሐኪሙ፦ ብዙዎች እንዲህ ብለው ነበር፤ በከፊልም እውነት ነው። ነገር ግን በ1999 በፈረንሳይ አገር ከማርሴይ የወጣ አንድ ጥናት እኔን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ሕሙማኑን በተሰመረ ወለል ላይ አስኬዷቸው፤ በማይቋረጥ ብርሃን ሲሄዱ እርምጃቸው ሰፋ። ቀጥሎ መብራቱን ብልጭ ድርግም በሚል መብራት ለወጡት። መስመሩ አሁንም ይታያቸዋል፤ በእያንዳንዱ ብልጭታ ግን ቆሞ ይታያል እንጂ በእግራቸው ሥር ወደ ኋላ ሲፈስስ አይታይም። ያን ጊዜ ጥቅሙ ጠፋ። ሰው ሲራመድ መሬት በዓይኑ ሥር እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ እኛ አናስተውለውም፣ ዓይን ግን ከዚያ ፍሰት ላይ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ያነባል። መስመሩ የሚረዳው ፍሰቱን ስለሚያጎላው ነው።

የኔታ፦ ወንዙ ሲደርቅ ወፍጮው ይቆማል ማለት ነው።

ሐኪሙ፦ አዎን። ይህ ንባብ ሲዛባም ሰው ቀጥ ብሎ የሄደ እየመሰለው ወደ ጎን ያዘነብላል። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ይህን የመረመሩ ሰዎች ሕመሙ በግራ አካል የጀመረባቸውና በቀኝ የጀመረባቸው አንድ እንዳልሆኑ አግኝተዋል። የእርስዎ በየትኛው ጀመረ?

የኔታ፦ በግራ። መቃኑንም ሁልጊዜ በአንድ ትከሻዬ እገጨዋለሁ። ቤቱ ጠማማ መስሎኝ ነበር።

(በእውነት እንዲህ ብለው ባለፈው ዓመት አናጺ አስጠርተዋል።)

የኔታ፦ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም ያልነገርሁትን። በበዓለ ንግሥ ቀን መዘምራኑ ከበሮውን ሲመቱ፣ ጸናጽሉም ሲያንሿሿ፣ ወንድሞቼ ደግፈው ከመካከል ያቆሙኛል። ዝማሜው ሲጀመር እግሬ ይመለሳል። እየተመለሰ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ማኅሌቱ ሲያልቅ ግን ከደጀ ሰላሙ ወጥቼ ጫማዬ ዘንድ መድረስ ያቅተኛል። ይህን የአምላክ ቸርነት ነው ብዬ ዝም እላለሁ።

ሐኪሙ፦ እኔም አልከራከርዎትም። ብቻ በጆሮም በኩል እንደዚሁ ያለ መንገድ አለ። በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ በ1996 የወጣ ጥናት ሕሙማኑ በዜማ ምት ሦስት ሳምንት ሲለማመዱ እርምጃቸውም ፍጥነታቸውም እንደ ተሻለ ገልጿል። እነርሱ በካሴት ያደረጉትን እርስዎ በከበሮ ያደርጉታል። ደግሞ በኔዘርላንድስ በናይሜኽን አንድ ሰው ነበር፤ ጥቂት እርምጃ ሄዶ የሚገተር፣ ያለ ረዳትም የሚወድቅ፤ ብስክሌት ሲሰጡት ግን እየነዳ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ሐኪሞቹ በ2010 ይህን ባሳተሙ ጊዜ ብዙ ሰው ምስሉን አይቶ ማመን አቃተው። ብስክሌቱ ላይ ፔዳሉ ራሱ ምት እየሰጠ እግሩን ይመራዋል ይላሉ።

የኔታ፦ በዚህ ዕድሜዬ ብስክሌት አትስጠኝ።

ሐኪሙ፦ አልሰጥዎትም። መነጽርዎን ግን ያሳዩኝ። ይህ ከላይ ሩቅ፣ ከታች ቅርብ የሚያሳይ ነው፤ ለዳዊት መልካም ነው፣ ለደረጃ ግን ክፉ ነው። ቁልቁል ሲያዩ የሚያዩት በማንበቢያው በኩል ነውና ደረጃው ይደበዝዛል። ሲራመዱ የሩቁን ብቻ የሚያሳይ ሌላ መነጽር ያድርጉ። የዓይን ሞራ ግርዶሽም እንዳለ ይመርመሩ፤ እርሱ ከፓርኪንሰን የመጣ ባይሆንም በዚህ ሁሉ ላይ ሲጨመር ይከብዳል፤ ደግሞም በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚሄዱበት ላይ መብራት ይብራ፤ ዓይን የእግር መሪ ከሆነ መሪውን በጨለማ ማስኬድ አይገባም።

የኔታ፦ ክኒኑንስ? እነዚህ መስመሮች ከክኒኑ ይገላግሉኛል?

ሐኪሙ፦ አይገላግሉዎትም። መስመሩም ጃንጥላውም ክኒኑን አይተኩም፤ ሌቮዶፓ የሚባለው ክኒንዎ ሰዓቱን ጠብቆ ይዋጥ። ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይውሰዱት፤ ሥጋውም እንቁላሉም ሽሮውም ከእርሱ ጋር በአንጀት ይሻማሉና።

የኔታ፦ የባቄላ እሸት ለዚህ ሕመም ይበጃል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሐኪሙ፦ ወሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1913 በስዊዘርላንድ ጉገንሃይም የሚባል ኬሚስት ይህንኑ ሌቮዶፓ ከባቄላ ለይቶ አውጥቷል። ነገር ግን በአንድ እፍኝ እሸት ውስጥ ያለው መጠን ከእርሻ እርሻ ይለያያል፤ የሚመዝነው ሰው የለም። እሸቱን ለጣዕሙ ይብሉት፤ መድኃኒቱን ከክኒኑ ያግኙ።

የኔታ፦ ጾሙን በምን ላድርገው?

ሐኪሙ፦ ያንን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ እርሳቸው መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስዱ እንደሚፈቅዱልዎት እርግጠኛ ነኝ።

የኔታ፦ ፈቅደዋል። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዘወር አለ። «አንተ ደግሞ» አለኝ፣ «ሲራመዱ ወሬ አታውራቸው። በር ላይ ሲደርሱ ስማቸውን አትጥራ፣ ዕቃም አታስይዛቸው። እርምጃቸውን በሐሳባቸው ነው የሚመሩት፤ ሐሳባቸውን ስትወስድባቸው እግራቸውን ትወስድባቸዋለህ። ሲገተሩም አትጎትታቸው፤ እግርህን ከእግራቸው ፊት አግድም አድርግና እንዲሻገሩህ ንገራቸው።» መስመሩ ከወለሉ መልክ የተለየ መሆን እንዳለበት፣ በመስመርና በመስመር መካከልም አንድ ክንድ ያህል እንዲሆን፣ ከደፉ አስቀድሞ ጀምሮ ከደፉም አልፎ እንዲቀጥል ነግሮኝ፣ የአባቴን ጉልበት ስሞ ሄደ።

ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሆነን የአባቴን መኝታ ቤት ቀይ ወለል በነጭ ፕላስተር ሰመርነው፤ የሦስቱንም ደረጃዎች ጠርዝ ቢጫ ቀለም ቀባነው። ከአልጋቸው ተነሥቶ በረንዳው ላይ እስኪወጣ ድረስ አሥራ አንድ መስመር ሆነ። በማግሥቱ አባቴ አሥራ አንዱንም በግእዝ እየቆጠሩ ወጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መስመር ስለሌለው ጃንጥላውን እኔ ይዤ ተከተልኋቸው።